ሁለት መልስ ያለው ሱዶኩ እና አንድም መልስ የሌለው ህግ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሀዋሳ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ደንበኞች ወረፋ ሲጠብቁ እንዳይሰለቻቸው ብዬ በየቅዳሜው አንድ ሱዶኩ አዘጋጅቼ በር ላይ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ ሙሉውን እሞላና ከዚያ እያጠፋሁ ነው የምሠራው። ያለፈው ቅዳሜ አንድ ተማሪ ከእኔ የተለየ መልስ ይዞ መጣ። ሳየው እሱም ልክ ነው። የሚለየው በአራት ቤት ብቻ ነው፤ 3 እና 7 ቦታ ተለዋውጠዋል። ሌላው ደግሞ፣ አዲስ ነገር ልፍጠር ብዬ በትንሹ ባለ 4 በ4 ላይ ‹ተከታታይ ቁጥሮች ጎን ለጎንም ከላይና ከታችም አይነካኩ› የሚል ህግ ጨመርኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው? የራሴን ዓይነት ሱዶኩ እንዴት ልፍጠር?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ትቶ እርሳስ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል። ለማያውቀው አንባቢ፣ ሱዶኩ 9 በ9 ሰንጠረዥ ነው፤ ጥቂት ቁጥሮች ይሰጡና በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየ3 በ3 ሳጥኑ ከ1 እስከ 9 ያሉት አንድ አንድ ጊዜ እንዲገቡ ባዶ ቤቶቹ ይሞላሉ።

ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ የጠየቅሽው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሱዶኩሽ ልቅ ስለነበረ ሁለት መልስ አስገባ። ሁለተኛው ከልክ በላይ ስለጠበቀ አንድም አላስገባ። ሁለቱም ጋ የሆነው ይኸው ነው፤ ህጉ ምን ምን እንደሚያስገድድ ሳይታይ ቁጥር መጻፍ ተጀመረ። ሱዶኩ መፍጠር ለእኔ ከዚህ ይጀምራል። አንድም ቁጥር ሳትጽፊ ህጉ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብሽ።

ከተማሪው መልስ እንነሳ። ሰንጠረዥሽን አላየሁትም። ግን መልሶቹ በአራት ቤት ብቻ ከተለያዩና ሁለቱም ልክ ከሆኑ፣ አራቱ ቤቶች እንዴት እንደተቀመጡ ከዚሁ ሆኜ ልነግርሽ እችላለሁ። ሁለት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ እና ሁለት ሳጥን ላይ ናቸው። ከዚህ ውጪ ሊሆኑ አይችሉም። እንዲህ በይው፦

1ኛ ረድፍ፦ ሁለተኛው ቤት 3፣ ስድስተኛው ቤት 7
2ኛ ረድፍ፦ ሁለተኛው ቤት 7፣ ስድስተኛው ቤት 3

አሁን በአራቱም ቤት 3ን በ7፣ 7ን በ3 ቀይሪ። ረድፉ አሁንም አንድ 3 እና አንድ 7 አለው። ዓምዱም እንደዚያው። ሳጥኑም እንደዚያው። ሌሎቹ 77 ቤቶች ለውጡን አያውቁትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ አራት ማዕዘን ሰንጠረዥሽ ውስጥ ካለ፣ ከአራቱ ቤቶች ቢያንስ አንዱ ከመጀመሪያው ተጽፎ የተሰጠ መሆን አለበት። አንቺ ስታጠፊ አራቱንም አጥፍተሻቸዋል።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ጥፋትም አለ። ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ቢያንስ ስምንቱ ከተሰጡት መካከል መታየት አለባቸው። ሁለቱ ጭራሽ ካልታዩ መላው ሰንጠረዥ ላይ ስማቸውን ብትለዋውጪ የሚቃወምሽ የለም። ይሄ ገና ከመለጠፍሽ በፊት በአንድ ደቂቃ የሚጣራ ነገር ነው።

ይህን ጉዳይ አክርሬ የማወራው ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ውድድር ሱዶኩ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ሁለት መልስ እንደነበረው አላወቅኩም። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛውን አገኘና አራሚው ከወረቀቱ ጋር ስላልገጠመለት ኤክስ አደረገበት። ልጁ አልተከራከረም። እኔ ነገሩን ያወቅኩት ውድድሩ አልቆ፣ ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ ሳገላብጥ ነው። ከዚያ ወዲህ መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን ሳላረጋግጥ አንድም ሱዶኩ ከእጄ አይወጣም።

ሞልቶ ማጥፋት ራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ መልሱን አስቀድመሽ ማወቅሽ ነው። ዓይንሽ ያንን መልስ ስለለመደ ሌላው አይታይሽም። በዚህ መንገድ መቀጠል ከፈለግሽ አንድ ቁጥር ባጠፋሽ ቁጥር አዲስ ወረቀት ላይ ከዜሮ ፍቺው። ሳትገምቺ፣ ምክንያት እየሰጠሽ መጨረስ ከቻልሽ መልሱ አንድ ነው። የሆነ ቦታ ላይ «እስቲ ይሄን 3 ነው ልበልና ልሞክር» ካልሽ ግን ያጠፋሽውን መልሺ።

የሱዶኩ ታሪክም እዚህ ላይ ለሁለት የሚከፈል ነው። ጨዋታውን አሁን በምናውቀው መልክ የሠራው ሀዋርድ ጋርንስ የሚባል ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ዴል በሚባለው አሳታሚ መጽሔት ላይ ወጣ። በ1984 ጃፓን ገባ። ኒኮሊ በሚባለው የጃፓን የእንቆቅልሽ አሳታሚ የነበረው ማኪ ካጂ ሱዶኩ የሚለውን ስም አወጣለት። ኒኮሊዎች በእጅ የተሠራ ሱዶኩ ይወዳሉ፤ አዘጋጁ ፈቺው የሚሄድበትን መንገድ አስቦ እንዲያወጣው ይፈልጋሉ። ዌይን ጉልድ ደግሞ ኒውዚላንዳዊ ነው፣ ሆንግ ኮንግ ዳኛ የነበረ። ሱዶኩ የሚያመርት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈና በኅዳር 2004 የለንደኑ ታይምስ ማተም ጀመረ። ዓለም ሁሉ ያበደለት ያኔ ነው። የሁለቱንም ሰፈር ሱዶኩ ብዙ ፈትቻለሁ። በእጅ የተሠራው ውስጥ ሰው አለ። ለበርሽ እሱን ነው የምመክርሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ጥፋቱ የአንቺ አልነበረም። ያልሽው ህግ በ4 በ4 ላይ ከነጭራሹ መልስ የለውም። ለምን እንደሆነ እንየው፤ ከዚህ ብዙ ትማሪያለሽ።

ባለ 4 ቁጥር ላይ 2 ከማን ጋር ጎረቤት መሆን ይችላል? 1 ተከታዩ ነው፣ 3ም ተከታዩ ነው። የቀረው 4 ብቻ ነው። 3ስ? 2 እና 4 ተከለከሉ፤ የቀረው 1 ብቻ ነው። አንድ ጎረቤት ብቻ ያለው ቁጥር ረድፍ መሀል መቀመጥ አይችልም፤ መሀል ያለ ቤት ግራና ቀኝ ሁለት ጎረቤት አለውና። ስለዚህ 2 እና 3 ጫፍና ጫፍ ይይዛሉ። ረድፉ ወይ 2 4 1 3 ነው፣ ወይ 3 1 4 2 ነው። ሦስተኛ ዓይነት የለም። አንቺ ግን አራት ረድፍ መሙላት አለብሽ። ሁለት ዓይነት ረድፍ ብቻ ይዘሽ ሦስተኛው ላይ ስትደርሺ አንዱን መድገም የግድ ነው። ሲደገም ደግሞ በየዓምዱ ቁጥር ይደገማል። አለቀ።

አየሽ፣ ሁለት ቀን የፈጀብሽን ነገር ለሁለት ደቂቃ ህጉን ብቻ በመጠየቅ ማወቅ ይቻል ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምሠራው ይህንኑ ነው። ሰንጠረዥ እንኳን አልይዝም። «ይሄ ህግ ካለ 5 የት መቀመጥ አይችልም? ጥግ ላይስ ምን ይሆናል?» እያልኩ ወረቀት ጫፍ ላይ እጫጭራለሁ። ሐይቁ ላይ ጀልባዎቹ ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ ገና አንድም ቁጥር አልጻፍኩም።

ያንቺው ህግ በ9 በ9 ላይ ሲሆን ግን ተአምር ይሠራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሚቸል ሊ የሚባል ሰው ሦስት ህግ አንድ ላይ አስገባ። አንዱ ያንቺው ነው፣ ተከታታይ ቁጥሮች አይነካኩም። ሁለተኛው በቼዝ ፈረስ ዝላይ የሚገናኙ ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር አይይዙም። ሦስተኛው በቼዝ ንጉሥ እርምጃ፣ ማለትም በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት፣ የሚገናኙትም እንደዚያው። ከዚያ ሰንጠረዡ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ሰጠ፣ 1 እና 2። ሌላው ባዶ። ሳይመን አንተኒ የሚባለው እንግሊዛዊ ዩቲዩብ ላይ ፊት ለፊታችን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፈታው። መጀመሪያ የቀለዱበት መስሎት ነበር። በተራው ሱዶኩ ከ17 ቁጥር ያነሰ ሰጥቶ አንድ መልስ ማግኘት አይቻልም። ይህን በ2012 እ.ኤ.አ. የአየርላንዱ ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር አረጋግጠዋል። እዚህ ግን 2 ቁጥር በቃ። የቀሩትን የ15 ቁጥሮች ሥራ የሠራው ህጉ ነው።

ይህን በእጅሽ እንድትነኪው ፈረሱን ብቻ ወስደን ወደ 4 በ4 እንውረድ። የፈረስ ዝላይ ታውቂያለሽ፦ ሁለት ቤት ቀጥ ብሎ አንድ ወደ ጎን። ህጉ እንዲህ ነው፤ ከተለመደው ረድፍ፣ ዓምድና 2 በ2 ሳጥን በተጨማሪ በፈረስ ዝላይ የሚገናኙ ሁለት ቤቶች አንድ ቁጥር አይኖራቸውም። የምሰጥሽ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦

1 – – –
– – – –
– – – 2
– – 3 –

1ን ተከተይው። ግራ ላይኛው ጥግ ላይ ነው። ቀኝ ላይኛው ሳጥን ውስጥም 1 ያስፈልጋል። 1ኛ ረድፍ ላይ አይሆንም፣ ስለዚህ 2ኛ ረድፍ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቤት። ሦስተኛው ቤት ከጥጉ በፈረስ ይደረስበታል። ስለዚህ አራተኛው ነው። ግራ ታችኛው ሳጥንም እንዲሁ ነው፤ 1ኛ ዓምድ ተይዟል፣ 2ኛ ዓምድ ላይ የ3ኛው ረድፍ ቤት በፈረስ ይደረስበታል፣ የቀረው የ4ኛው ረድፍ ነው። በመጨረሻው ሳጥን የተረፈው ረድፍ 3ኛው፣ የተረፈው ዓምድም 3ኛው ነው። አንድ 1 ተሰጥቶሽ አራቱንም 1 አገኘሽ። በ2 እና በ3 ላይም ይኸው ይደገማል። ቀሪው ሁሉ 4 ነው፦

1 2 4 3
3 4 2 1
4 3 1 2
2 1 3 4

አሁን የላይኞቹን ሁለት ረድፎች ጫፎች ተመልከቺ። ከላይ 1 እና 3፣ ከታች 3 እና 1። ያው ያንቺ አራት ማዕዘን! ከአራቱ ቤቶች ሦስቱ ባዶ ነበሩ። አንዱ ብቻ፣ ያ የጥጉ 1፣ ተሰጥቷል። መሀል ላይ ደግሞ 2 እና 4፣ ከዚያ 4 እና 2። እዚህ ከአራቱ አንዱም አልተሰጠም። በተራው ሱዶኩ ይሄ ወዲያው ሁለት መልስ ነው። እዚህ ግን 2 እና 4ን ብትለዋውጪ ላይኛው ረድፍ ሦስተኛ ቤት ላይ የሚመጣው 2 ከ3ኛው ረድፍ መጨረሻ 2 ጋር በፈረስ ይገናኛል። ህጉ አይፈቅድልሽም። የተሰጠ ቁጥር የሚሠራውን ሥራ ህጉ ሠራው ያልኩሽ ይሄን ነው።

ይሄ ህግ 4 በ4 ላይ ምን ያህል እንደሚያጠብቅ በቁጥር ላሳይሽ። ተራው ባለ 4 በ4 ሱዶኩ 288 ዓይነት ሙሉ ሰንጠረዥ አለው። ፈረሱ ሲገባ 24 ብቻ ይቀራል። 24ቱም አንድ ናቸው፤ የሚለየው የቁጥሮቹ ስም ብቻ ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እያቀያየርሽ፣ ቦታቸውንም እያዟዟርሽ 6,144 የተለያዩ ባለ ሦስት ቁጥር ጥያቄዎች ማውጣት ትችያለሽ። በሳምንት አንድ ብትለጥፊ ከ118 ዓመት በላይ ይወስዳል። ግን አትለጥፊያቸው። አንድ ሰው አንዱን ከፈታ ሁሉንም ፈትቷል። ህጉ ሁሉን ነገር ከወሰነ ፈቺው የሚያስበው አይቀረውም። ለአንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ትልቅ ሰንጠረዥ ውሰጂው።

ወደ ፈጠራው ስንመጣ በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ምልክት መቀየር አዲስ ሱዶኩ አይደለም። በ1 እስከ 9 ፋንታ ፍራፍሬ ብትስዪ ጨዋታው ያው ነው። ተራው ሱዶኩ ላይ ቁጥሩ ስም ብቻ ነውና። የግዕዝ ቁጥር ብትጠቀሚም እንደዚያው። እርግጥ ያምራል፤ ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ እስከ ፱ ሱዶኩ የሚፈልገውን ዘጠኝ ምልክት በልክ ይሰጥሻል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ሱዶኩም ዜሮ አይፈልግም። ስትለጥፊ ግን በትልቁ አትሚ፣ ፮ እና ፯ በትንሽ ፊደል ሰው ያደናግራሉ።

ቁጥሩ ከስም በላይ የሚሆነው ህጉ ስለ ቅደም ተከተል ወይም ስለ ድምር ሲናገር ነው። የድምሩን ዓይነት ሰዎች ኪለር ሱዶኩ ይሉታል። ቤቶች በነጠብጣብ መስመር ይታጠሩና የአጥሩ ድምር ብቻ ይሰጣል። ለበርሽ 6 በ6፣ ሳጥኑ 2 በ3 የሆነውን እመክርሻለሁ፤ በወረፋ ጊዜ የሚያልቅ ነው። ከ1 እስከ 6 ያለው ድምር 21 ነው፤ ማንኛውም ረድፍ፣ ዓምድ ወይም ሳጥን 21 ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ አምስቱን ቤቶች የሚይዙት አጥሮች ድምራቸው 17 ከሆነ ስድስተኛው ቤት 4 ነው፣ አለቀ። አጥሮቹ ሳጥኑን ሞልተው በአንድ ቤት ወደ ውጭ ከወጡና ድምራቸው 26 ከሆነ ደግሞ ያ የወጣው ቤት 5 ነው። ባለ ሁለት ቤት አጥር 3 ከሆነ 1 እና 2፣ 11 ከሆነ 5 እና 6 ነው። መሀል ላይ ያለው 7 ግን ሦስት አማራጭ አለው። ጠባቦቹን አጥሮች መክፈቻ አድርጊያቸው፣ ልቆቹን ለመጨረሻ አቆዪ።

ቅደም ተከተል ላይ ደግሞ ለእኛ ብቻ የተሠራ የሚመስል ነገር አለን። ፊደላችን ሰባት ቤት አለው፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ቅደም ተከተሉን ማንም ልጅ በቃሉ ይወጣዋል። 7 በ7 ሰንጠረዥ ሥሪና ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ሙይበት። በየረድፉና በየዓምዱ ሰባቱም አንድ አንድ ጊዜ። ሳጥን ላይ ስትደርሺ ግን ትቆሚያለሽ። 7 በሌላ ቁጥር አይከፈልም፣ ስለዚህ ባለ 7 ቤት አራት ማዕዘን ሳጥን የለም፤ አንዱ ራሱ ረድፉ ነው። መፍትሔው ሳጥኑን ማጣመም ነው። ሰባት ቤት እየያዙ የሚጠማዘዙ ቅርጾች ሥሪ፣ እንደ ቀበሌ ወሰን።

ከዚያ ጥቂት መስመሮች ጣይበት። ህጉ «በመስመሩ ላይ ፊደሎቹ በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ይወጣሉ፣ መዝለል ይቻላል፣ መመለስ አይቻልም» ነው። አሁን ጠይቂው ህጉን። ባለ አምስት ቤት መስመር መጀመሪያ ላይ ምን ሊቀመጥ ይችላል? ለ፣ ሉ ወይም ሊ ብቻ። ከሊ ከበለጠ አምስት ቤት አይደርስም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌ፣ ል ወይም ሎ። ባለ ሰባት ቤት መስመር ግን አታስገቢ፤ ሰው ሳያስብ ይሞላዋል። ሁለት ባለ አምስት መስመር አንድ ዓምድ ላይ እንዲጀምሩ ካደረግሽ ለ፣ ሉ እና ሊ ውስጥ ሁለቱ በነሱ ተይዘዋል ማለት ነው። እዚያ ዓምድ ላይ ሦስተኛ መስመር ጨምሪና ሦስቱም አለቁ። የዓምዱ ሌሎች አራት ቤቶች ከራብዕ ጀምሮ ያሉት ናቸው። አንድም ፊደል ሳትሰጪ በሩ ተከፈተ። እኔ እንዲህ ዓይነት መግቢያ ካገኘሁ በኋላ ነው ቀሪውን መገንባት የምጀምረው፤ እየፈታሁ እሄዳለሁ፣ ስቆም ብቻ አንድ ፊደል እሰጣለሁ።

ለምን ለ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ሀ እና ሃ በአማርኛ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች እየተነጋገሩ ሲፈቱ ይጣላሉ። ረ እና ር ደግሞ በደከመ ፎቶ ኮፒ አይለዩም፣ ይሄን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በ ቡ ቢም ጥሩ ነው።

ኮምፒውተር ያላችሁ ይመስለኛል። ማረጋገጫ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ካገኘሽ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባዶ ቤት ላይ የሚፈቀደውን ትንሹን ቁጥር ጻፍ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ፣ መንገድ ሲዘጋ ተመልሰህ ቀጣዩን ሞክር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ንገሪው። መልስ ሲያገኝ እንዳይቆም። ሁለተኛ ፍለጋ ይቀጥል፣ ሁለተኛ ሲያገኝ ያኔ ይቁም። የመጀመሪያውን መልስ አግኝቶ «ተፈታ» የሚል ፕሮግራም ያለፈውን ቅዳሜ ሱዶኩሽንም ያሳልፈው ነበር።

የዚያን ተማሪ ወረቀት ደግሞ እንዳትጥይው። በሚመጣው ቅዳሜ ከአዲሱ ሱዶኩ ጎን ያንቺንም የእሱንም መልስ አንድ ላይ ለጥፊ። አራቱን ቤቶች በቀይ ክበቢያቸው፣ ከሥራቸው «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብለሽ ጻፊ።